አራስ በወለደች በስንት ሰዓቷ ትታጠብ? (ደብረ ብርሃን፣ ጥር ላይ)

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ የበኩር ልጇን ጥር ላይ ትወልዳለች፣ ጤና ጣቢያ። የደብረ ብርሃንን ጥር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ማታ የተቀዳ ውሃ ጠዋት እጅ ይቆርጣል፣ ሜዳውም በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ለምጡ የሚያስፈልገውን አዘጋጅተናል። ያልተስማማነው ከወለደች በኋላ ባሉት ሰዓታት ስለ መታጠብ ነው።

እናታችን «አራስ ብርድ ይገባባታል፣ ውሃ እንዳታስነኳት» ትላለች። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «ወዲያው በሙቅ ውሃ ካልታጠበች ደሙ ሆዷ ውስጥ ይረጋል» ባይ ናቸው። ሁለቱም ለእህቴ አስበው ነው፤ እኔ ግን ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከወለደች ከስንት ሰዓት በኋላ ተነስታ መታጠብ ትችላለች? ቆማ ወይስ ተቀምጣ? ከተሰፋችስ ስፌቱ በምን ይታጠባል፣ በጨው፣ በዴቶል ወይስ በውሃ ብቻ? ቤታችን የሙቅ ውሃ ሻወር የለውም፤ ያለን ሳፋ፣ ጆግና በርጩማ ነው። ክፍሉን በከሰል ልናሞቀው አስበናል። ልጁስ መቼ ይታጠብ? እባካችሁ በዝርዝር የምታውቁ ንገሩኝ።


አዋላጅ ነርስ፦

እህቴ፣ እንኳን ቀድመሽ ጠየቅሽ። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያነሳው አራሷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወደቀች በኋላ ነው።

እናትሽ ስለ ብርዱ ልክ ናቸው፤ ደክማ ደም የፈሰሳት ሴት ቶሎ ትበርዳለች። ውሃ አይንካት ማለት ግን አይደለም። እትዬም ንጽህናው ላይ ልክ ናቸው፤ «ወዲያው» የሚለው ላይ ግን አይደሉም። ደም ማህፀን ውስጥ የሚቀረው ባለመታጠብ አይደለም። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀን ጠንክሮ ሲኮማተር ደም ስሮቹን አንቆ ይዘጋቸዋል። እንዳይኮማተር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ፊኛ በሽንት መሞላቱ ነው፤ ሌላው የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከገላ መታጠብ በፊት የሚቀድመው ሽንት መሽናት ነው። በ6 ሰዓት ውስጥ ካልሸናች ለባለሙያ ይነገር። እምቢ ካላት ለብ ያለ ውሃ በጆግ ከፊት ወደ ኋላ እያፈሰሰች ትሞክር፤ ብዙ ጊዜ ይመጣላታል፣ ስፌቱንም ሽንቱ አያቃጥለውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት አታስነሷት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ በአብዛኛው የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው፤ አዋላጇም ሆዷን እየዳሰሰች፣ ደሙን እያየች፣ ግፊትና የልብ ምት እየለካች የምትመላለሰው ለዚህ ነው። ንጽህናው አልጋ ላይ ይሰራል። በሞቀ ውሃ በተነከረና በተጨመቀ ፎጣ ፊቷ፣ አንገቷ፣ ብብቷ፣ እጇ፣ ጭኗና እግሯ ይጠረጋል፤ በደምና በሽርት ውሃ የራሰው ሁሉ ይለወጥላታል። እርጥብ ቀሚስ ለብሳ መቆየት ከመታጠብ ይልቅ ያበርዳታል። ልጁ ደረቷ ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ጋቢ ከላይ።

መቼ ትነሳ ለሚለው፣ በሰዓት ብቻ አይወሰንም። ደሙ ከቀነሰ፣ ግፊቷ ደህና ከሆነ፣ አጥሚት ወይም ሻይ ጠጥታ የሆነ ነገር ከበላች፣ ሽንት ቤት ደርሳ ሳይዞርባት ከተመለሰች፣ ያኔ መታጠብ ትችላለች። ለብዙዎቹ ይህ ከወለዱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሌሊት ከወለደች ፀሐይ ወጥታ ቀኑ ሲሞቅ ይሻላል። ቆይታ በመታጠቧ የሚቀርባት ነገር የለም፤ ታችዋን ግን ሽንት በሸናች ቁጥር ትለቃለቅ።

የሚጥላቸው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ደም ፈሷታል፣ ሆዷ ባዶ ነው፣ ለሰዓታት ተኝታ ነበር። ድንገት ስትቆም ደሙ ወደ እግር ይወርዳል። በዚያ ላይ በጣም ሙቅ ውሃ ሲፈስባት የቆዳ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ራሷን ትስታለች። ስለዚህ ቀስ ብላ፤ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ 5 ደቂቃ ትቀመጥ፣ ከዚያ አንድ ሰው በብብቷ ይዟት ትቁም። ስትቆም ተኝታ ሳለ ብልቷ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ድንገት ዱብ ሊል ይችላል፣ ትንሽ የረጋ ደምም አብሮት። ያ አንዴ ወርዶ ካቆመ አትደንግጡ፤ መፍሰሱን ከቀጠለ ግን መልሳችሁ አስተኟትና አዋላጇን ጥሩ።

መታጠቢያው ቤት በርጩማ ይግባ። በሩ ከውስጥ አይቆለፍ፤ አብራት ሴት ትኑር። ካዛጋት፣ ጆሮዋ ከጮኸ፣ ዓይኗ ከጨለመ ወይም ላብ ካጠመቃት ወደ አልጋ ልጎትታት አትበሉ፤ መንገድ ላይ ነው የምትወድቀው። እዚያው ወለሉ ላይ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ።

ውሃውን በሚመለከት፣ ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በ2800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጥር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ጆግ የፈላ ለሁለት ጆግ ቀዝቃዛ ቢቀላቀል ወደ 37 ዲግሪ ይጠጋል። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይግባ፣ ከዚያ የፈላው፤ ተገልብጦ ሲደረግ ነው የሚያቃጥለው። በክርንሽ ለኪው፤ ክርንሽ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማው ልክ ነው። ለሙሉ ገላ የአንድ ጀሪካን ግማሽ፣ 10 ሊትር፣ ይበቃል።

እንዳለ አታራቁቷት። ላይኛው ገላዋ ይታጠብ፣ ይደረቅ፣ ሹራቧን ትልበስ። ከዚያ እግሯና ጭኗ። መጨረሻ ታችዋ። ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ ካልሲ ወዲያው።

ስፌቱ ወይም የተላጠው ቦታ፦ ለዚህ ብቻ ሦስት ሊትር ያህል ውሃ አፍልታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ለብ እስኪል አቆዩት። ትንሽ ጎንበስ ብላ ውሃው ከፊት ወደ ኋላ ይውረድ፤ ከሰገራ መውጫ ወደ ፊት ከተመለሰ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። ሳሙና ካስፈለገ ሽታ የሌለው፣ ከውጭ ብቻ። ወደ ውስጥ ጣትም፣ ጨርቅም፣ ውሃም አይግባ፤ ማህፀኑ ገና ክፍት ቁስል ነው። ከዚያ ንጹህ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረገች ታድርቅ፤ ማሸት ክሩን ይጎትተዋል። ክሩ ራሱ ይሟሟል፣ ማንም እንዳይነቅለው።

ዴቶል አይደረግ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ መዳኑንም ያዘገያል። ጨውን በተመለከተ በ1988 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር 1800 እናቶችን በሦስት ከፍለው አንዱን ቡድን በጨው፣ አንዱን በሳቭሎን (እንደ ዴቶል ያለ ጀርም ገዳይ)፣ አንዱን በተራ ውሃ አስታጥበው አወዳድረዋል። በቁስሉ መዳንም በህመሙም ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ውሃ ይበቃል። እብጠቱ ካመማት በመጀመሪያው ቀን በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹህ ጨርቅ ለ10 ወይም 20 ደቂቃ ይያዝላት፤ ሙቅ ነገር በዚህ ቀን እብጠቱን ይጨምረዋል።


የመንዝ ጤና ኤክስቴንሽን፦

ሲስተር የጻፉት ላይ የምጨምረው ስለ ከሰሉና ስለ ልጁ ነው።

እህቴ፣ ከሰሉን አራሷ ያለችበት ክፍል ውስጥ አታስገቡት። እኛ ደጋ ላይ ስጋቱ ይብሳል፤ ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ስር በጨርቅ ይጠቀጠቃል። ብዙ ሰው «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ አሁን አይጎዳም» ይላል። ጭሱ ካለቀ በኋላም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ አየር ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ደም የፈሰሳት እናት ቀድሞውንም ኦክስጅን የሚሸከም ደሟ አንሷል፣ አራስ ልጅ ደግሞ «ራሴን አመመኝ» አይልም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቱ ነው፤ ሰው ግን የምጡ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ማሞቅ የግድ ከሆነ እሷ ከመግባቷ በፊት ማንደጃውን አስገብታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ ክፍሉ ሲሞቅ ማንደጃውን አውጡት። ትንሽ አናፍሱትና ከዚያ ትግባ። ለቡናው ተብሎ የሚገባው ከሰልም እንደዚሁ ነው፤ ቡናው ሳሎን ይፈላ፣ አራሷ ጋ ስኒው ይምጣላት። ኩበት ወይም እንጨት የሚነድበት ቤት ከሆነ አልጋዋ ከምድጃው ክፍል ይለይ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ካላችሁ ውሃ በማይደርስበት ርቀት ይቀመጥ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይሰካ።

አልጋውን ለማሞቅ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ብርድ ልብሱ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ልጁ ከመተኛቱ በፊት ግን ይውጣ፤ የአራስ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ዝተትና ቡሉኮ ይበቃሉ። የሱፉ ዝተት ከላይ ይሁን፣ ልጁን የሚነካው ጥጥ ይሁን።

ልጁ እስከ 24 ሰዓት አይታጠብ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህን ነው የሚለው። ሆድ ውስጥ የነበረበት ሙቀት 37 ዲግሪ ነው፤ ራሱን የማሞቅ አቅሙ ገና ደካማ ነው። እርጥብ ሆኖ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይደክማል፣ ጡት መጥባት ያቅተዋል፣ በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል። ገላው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳውን ከመድረቅና ከጀርም ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ አትፈግፍጉት። ደሙ ብቻ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ከሲታ ሆኖ የተወለደ፣ ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ ከ24 ሰዓትም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ መቼ እንደሚታጠብ ባለሙያው ይንገራችሁ።

ሲታጠብም በቀኑ ሙቀት፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ነፋስ በሌለበት። ፎጣው፣ ልብሱ፣ ኮፍያው ውሃው ከመቀዳቱ በፊት ተዘርግቶ ይጠብቅ። ራሱ መጨረሻ ይታጠብ፤ የጨቅላ ልጅ ጭንቅላት ከገላው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል። 5 ደቂቃ ይበቃል። ተደርቆ ወዲያው እናቱ ደረት ላይ። መቀዝቀዙን ለማወቅ እግሩንና ሆዱን ዳሱ። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርድ ጀምሮታል፣ ገላ ለገላ ይያዝ። ሆዱም ከቀዘቀዘ ወደ ጤና ጣቢያ፣ በመንገድም ደረቷ ላይ እንዳለ።

እትብቱ ላይ ቅቤ፣ አመድ፣ ምንም አይደረግ። ደርቆ ራሱ ይወድቃል፤ ዳይፐሩ ከእትብቱ በታች ይታጠፍ። አንዳንድ ቦታ ለእትብት የሚሆን ጀርም ገዳይ ቅባት፣ 7.1 በመቶ ክሎረሄክሲዲን ጄል፣ ይሰጣል። ከተሰጣችሁ ለእትብት ብቻ መሆኑን ቱቦው ላይ በትልቁ ጻፉበት። የዓይን ቅባት መስሏቸው ዓይን ውስጥ እየጨመሩት ልጆች ዓይናቸው ተጎድቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን ለይቶ አስጠንቅቋል። የዓይን ቅባቱን አዋላጇ እዚያው ትቀባዋለች፤ ቤት ውስጥ የሚደገም አይደለም፣ ኩልም አይደረግ። ቅቤ ማስዋጥም ይቅር። ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ እንገሩንም ይሻማበታል።


የጠባሴዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ ስለ ከሰሉ የተጻፈውን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፣ ማንደጃውም ሳሎን ሊሆን ተስማማን። ሲስተር፣ ሁለት ነገር ይጨምሩልኝ። ነገሩ ተለውጦ በኦፕራሲዮን ብትወልድስ እንዴት ትታጠባለች? ደግሞስ ጡቷ ከማጥባቷ በፊት በሳሙና ይታጠብ? እናቴ ሆዷን በመቀነት ማሰርና ፀጉሯን ቅቤ መቀባት እንዳይቀር ብላለች።


የሸዋ ሮቢቱ ፋርማሲስት፦

አንድ ነገር ቶሎ ላስተካክል፣ ይህን የሚያነብ የቆላ ሰው እንዳይቃጠል። «አንድ የፈላ ለሁለት ቀዝቃዛ» የሚለው ለደጋ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ተጠግቶ ነው፤ በርሜል ውስጥ የዋለው «ቀዝቃዛ» ውሃም 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ልክ ቢቀላቀል ከ48 ዲግሪ ያልፋል፣ ያ ገላ የሚልጥ ነው። እዚህ አንድ ለአምስት ነው። አጣዬም ሆነ ሌላ ቆላ እንደዚያው። የትም ቢሆን የመጨረሻው መለኪያ ክርን ነው።

ቆላ ላይ ልጅን እንደ ደጋ መጠቅለልም አይገባም። አዋቂ ከለበሰው አንድ ድርብ ቢጨመርለት ይበቃዋል። አንገቱ ስር ላብ ካለ በዝቶበታል። አጎበር ደግሞ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ፣ እናትና ልጅ አንድ አጎበር ስር።

ስለ ሞዴስ ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ እኔ ልናገር። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭኑ አይበቃም፤ ረጅሙንና ወፍራሙን ግዙ፣ ሽቶ የሌለው። በመጀመሪያው ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይታይ፤ ንጽህናውም ነው፣ ደሙ ምን ያህል እንደሆነ ማወቂያውም ነው። ከዚያ በኋላ ባይሞላም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለወጥ። ወደ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ለአራስ አይሆንም።

የጨርቅ ሞዴስ የምትጠቀሙ፦ ደሙ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቅ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ክሩ ላይ ያደርቀዋል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ቀጥሎ በሳሙና፣ ከዚያ በደንብ ይለቅለቅ። ማድረቂያው ላይ ነው የሚበላሸው። ሰው እንዳያየው ተብሎ አልጋ ስር ወይም ከሌላ ልብስ ስር ይሰጣል። በእርጥበትና በጨለማ ያለ ጨርቅ ጀርም ያፈራል፣ ያ ጨርቅ ተመልሶ ስፌት ላይ ይደረጋል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ካፈራችሁ ስስ ነጠላ ከላይ ጣል አድርጉበት። ፀሐይ በሌለበት ቀን በካውያ ይተኮስ።

ደም የነካው አንሶላና ወለል በበረኪና ሲጸዳ በገበያ ያለው 5 በመቶው ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ማቆየት። የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ። በረኪና ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይደባለቅ፣ መርዛም አየር ያወጣል። ገላ ላይ ደግሞ በጭራሽ፣ ቀጥኖም ቢሆን።


አዋላጅ ነርስ፦

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ስለ ውሃው ያስተካከሉት ልክ ነው፤ እኔ ለደብረ ብርሃን ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ኦፕራሲዮን ከሆነ የመጀመሪያው ቀን መታጠብ አልጋ ላይ ነው። በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ ከሆነ እግሯ ለሰዓታት ይደነዝዛል። ይህ ጊዜ አደገኛ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ፣ ቆማለሁ ብላ ትወድቃለች፤ ተኝታ ሁለቱንም ጉልበቷን በራሷ ማንሳት ሳትችል አትነሳ፣ የመጀመሪያውን ጊዜም ሁለት ሰው ይያዛት። ሁለተኛው፣ የሞቀ ውሃ ሃይላንድ እግሯ ስር ቢደረግ ሲያቃጥላት አይሰማትም። ስለዚህ በዚያን ቀን ሙቅ ነገር ወደ እግሯ አይጠጋ፤ ካልሲና ጋቢ ብቻ። ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ስለሚኖራት የሽንት ከረጢቱ ከአልጋው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወደ ላይ ከተነሳ ሽንቱ ይመለሳል።

በኦፕራሲዮን የወለደችም ከማህፀኗ ደም ይወርዳታል፤ ይህን የሚረሱ አሉ። ታችዋ በዚያው ሥርዓት፣ በዚያው ውሃ፣ ከፊት ወደ ኋላ ይታጠብ። የሆዷ ፋሻ ግን ደረቅ ይሁን። የሚያነሳው ባለሙያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ። ከተነሳ በኋላ ውሃ ሊያልፍበት ይችላል፤ አይፈተግ፣ ጫን ጫን ተደርጎ ይደረቅ። ሆዷ ቁስሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ንጹህ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ መሃሉ ላይ ይደረግ፤ ላቡ ነው የሚያመረቅዘው። ማርም፣ ቅቤም፣ ከካፕሱል የተፈታ ዱቄትም አይነስነስበት።

ጡቷ በሳሙና አይታጠብ። ሳሙና የጡቷን ጫፍ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ለእብጠት በር ይከፍታል። ገላዋን ስትታጠብ ውሃው ካለፈበት ይበቃል። መታጠብ ያለበት እጇ ነው፣ ከማጥባቷ በፊትና ከሽንት ቤት በኋላ፣ በሳሙና። ካጠባች በኋላ የራሷን ወተት ጠብታ ጫፉ ላይ ቀብታ ታድርቀው። ለጥየቃ የሚመጣውም ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ እጁን ታጥቦ ልጁን ይያዝ፤ ጉንፋን የያዘው ከበር ይመለስ፣ አይቀየሙም።

መቀነቱ ላይ እናትሽን አልቃወምም። ግን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ፣ ላላ ተደርጎ፣ ትንፋሽ በማያስቸግር መልኩ። በመጀመሪያው ቀን ማህፀኗ መጠንከሩን በእጅ መዳሰስ ስላለብን ሆዷ ክፍት ይሁን። ማሸትና መጭመቅ ግን አይደረግ፤ አዋላጇ የምትዳስሰው በልክ ነው። ፀጉሯን ቅቤ መቀባት ጉዳት የለውም፣ እጅ ታጥቦ ይቀባ። ፀጉር ማጠቡ ግን ለመጀመሪያው ቀን ይቆይ፤ ረጅም ፀጉር በጥር ብርድ ሳይደርቅ ይውላል። ጥርሷን መቦረሽ በመጀመሪያው ቀንም ትችላለች። ታችዋን ጢስ መሞቅ የሚባለው ግን ይቅር፤ የተሰፋ ገላ ላይ ያቃጥላል፣ የሙቀቱ መብዛትም ራሷን ያስታታል።

የመጀመሪያው ሰገራ ያስፈራቸዋል። አይታገሱት፣ መታገሱ ያደርቀዋል። ገንፎው ብቻ ሆድ ስለሚይዝ ውሃ፣ አጥሚትና ሾርባ ይብዛላት። ስትቀመጥ ንጹህ ሞዴስ ስፌቱ ላይ በእጇ ደገፍ አድርጋ ብትይዝ ክሩ አይወጠርም።

ደሙ ሦስት አራት ቀን ቀይ ነው፣ ከዚያ ወደ ቡናማ፣ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ወደ ነጣ ቢጫ ይሄዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሞዴሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ፣ ፈሳሹ ከከረፋ፣ ሙቀቷ 38 ከደረሰ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ለመታጠብ ወይም ለመብላት ብላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄድ አትዘግዩ። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ እየተጨመቀ ሰዓቱ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የደም ግፊት መጨመር ከወለደች በኋላም ይመጣል፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥም ያስከትላል።


የጠባሴዋ፦

ሲስተር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ለመታጠቡ ብቻ ምን እንያዝ? የሙቅ ውሃ ነገር እዚያ ላይኖር ይችላል።


የመንዝ ጤና ኤክስቴንሽን፦

ሁለት ትልልቅ ፔርሙዝ የፈላ ውሃ፤ አንዱ ለሻይዋ፣ አንዱ ለመታጠቧ። በተለየ ጀሪካን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ለመቀላቀያ። አንድ ጆግ ለእሷ ብቻ የሚሆን፣ ለሌላ ሥራ የማይውል። ሁለት ፎጣ፣ አንዱ ለታችዋ ብቻ፣ ቀለሙ የተለየ ይሁን። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ሁለት ካልሲ፣ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ፣ ሦስት ሰፋ ያሉ የጥጥ ፓንቶች፣ ሞዴስ ሁለት እሽግ። ለልጁ ቢያንስ ሦስት ደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ አንዱ እንደወጣ ማድረቂያ ሆኖ ወዲያው የሚጣል፤ ኮፍያና ካልሲ። የእርጥብ ልብስ ፌስታል ለብቻ። በረኪናው ቤት ይቅር፤ ከልጁ ልብስ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ቢፈስ ልብሱ ሁሉ ይበላሻል፣ ቆዳውንም ያቃጥለዋል።